ከእርግዝና በፊት የእናቶች አመጋገብ እና የልጆች የአእምሮ ጤና

ስለ ልጆች የአእምሮ ጤና አብዛኛውን ጊዜ መነጋገር የሚጀመረው ልጁ ትምህርት ቤት ከገባ ወይም ወደ ጉርምስና ዕድሜ ከተሸጋገረ በኋላ፣ ችግሩ በግልጽ ሲታይ ነው። የአንጎል መሠረት የሚጣለው ግን እናት ነፍሰ ጡር መሆኗን ሳታውቅ በሚያልፉት ሳምንታት ነው። አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠሩበት የነርቭ ቱቦ ከፅንሰት በኋላ ባሉት 28 ቀናት ገደማ ይዘጋል። አንዲት ሴት የወር አበባ ቀርቶባት፣ ተመርምራ ማርገዟን በምታረጋግጥበት ጊዜ ይህ ሂደት ተጠናቅቆ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ሳምንታት ፅንሱ የሚያድገው እናቲቱ አስቀድማ በሰውነቷ ባከማቸችው ንጥረ ምግብ ነው። ስለዚህ ለእርግዝና የሚደረግ የአመጋገብ ዝግጅት መጀመር ያለበት ከመፀነስ በፊት ነው።

ከረሃብ ዘመናት የተገኘ ማስረጃ

የምግብ እጥረት በፅንስ ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት ለማወቅ ሲባል እናቶችን ማስራብ አይቻልም። በመሆኑም ከዋና ዋናዎቹ ማስረጃዎች የተወሰኑት የተገኙት በታሪክ ከደረሱ ረሃቦች ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 የብርድ ወራት፣ በጀርመን ጦር ይዞታ ሥር በነበረው የኔዘርላንድ ምዕራባዊ ክፍል የምግብ አቅርቦት ተቋርጦ የአንድ ሰው የቀን ራሽን ከ1,000 ኪሎ ካሎሪ በታች ወርዶ ነበር። ረሃቡ የተጀመረበትና ያበቃበት ጊዜ በግልጽ ስለሚታወቅ፣ የልደትና የሕክምና መዛግብትም በአግባቡ ስለተያዙ፣ ተመራማሪዎች ከብዙ ዓመታት በኋላ በረሃቡ ወቅት የተፀነሱትን ሰዎች ከሌሎች ጋር ማነጻጸር ችለዋል።

ረሃቡ በበረታበት ወቅት የተፀነሱት ልጆች ካደጉ በኋላ ስኪዞፍሬኒያ በተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በሁለት እጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በዚያው ወቅት በተፀነሱት ላይ የነርቭ ቱቦ ክፍተትም ጨምሯል። በቻይና እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1961 የደረሰውን ታላቅ ረሃብ መሠረት በማድረግ የተካሄዱ ጥናቶችም በስኪዞፍሬኒያ ረገድ ተመሳሳይ ውጤት አሳይተዋል።

ይህን ውጤት በትክክል መረዳት ያስፈልጋል። ስኪዞፍሬኒያ በሕይወት ዘመን ከመቶ ሰዎች አንዱን ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ቁጥር ያለውን ሰው የሚይዝ ሕመም ነው። ተጋላጭነቱ እጥፍ ቢሆን እንኳ ከመቶ ልጆች 98 ያህሉ በሕመሙ አይያዙም። የአመጋገብ ጉድለት ተጋላጭነትን ይጨምራል እንጂ የልጅን ዕጣ አይወስንም። የዘር ውርስ፣ የወሊድ ችግሮች፣ የልጅነት ጉዳት፣ የኑሮ ጫና እና አደንዛዥ ዕፆችም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ስለዚህ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ልጅ እናት “በአመጋገብሽ ያመጣሽው ነው” ብሎ መውቀስ በሳይንስም በሥነ ምግባርም ተገቢ አይደለም።

ለፅንሱ አንጎል በተለይ የሚያስፈልጉ ንጥረ ምግቦች

*ፎሌት (ፎሊክ አሲድ)፦* የነርቭ ቱቦ በትክክል እንዲዘጋ ይረዳል። ከመፀነስ በፊት ተጀምሮ ሲወሰድ የነርቭ ቱቦ ክፍተትን በከፍተኛ ደረጃ እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። ከዚህም ሌላ ከ85,000 በላይ ልጆችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የኖርዌይ ጥናት፣ ከእርግዝና 4 ሳምንት በፊት አንሥቶ እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ፎሊክ አሲድ የወሰዱ እናቶች ልጆች በኦቲዝም የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ እንደነበር አሳይቷል። ይህ ጥናት ግንኙነት መኖሩን ያሳያል እንጂ እንክብሉ ኦቲዝምን እንደሚከላከል በራሱ አያረጋግጥም። ፎሌት በምስር፣ በሽምብራ፣ በባቄላ፣ በጎመን፣ በአቮካዶና በብርቱካን ይገኛል። አትክልትን ከመጠን በላይ መቀቀል ግን ፎሌቱን ይቀንሰዋል።

*አዮዲን፦* የታይሮይድ ዕጢ ለአንጎል እድገት የሚያስፈልገውን ሆርሞን የሚያመነጨው በአዮዲን ነው። ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህን ሆርሞን የሚያገኘው ከእናቱ ነው። ከፍተኛ የአዮዲን እጥረት በልጁ አእምሮ ላይ የማይመለስ ጉዳት ያስከትላል።

*አይረን፦* እጥረቱ የደም ማነስ ያስከትላል፤ ለፅንሱ አንጎል እድገት የሚያስፈልገውን አቅርቦትም ይቀንሳል። በሥጋ፣ በምስር፣ በባቄላና በጥቁር አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠሎች ይገኛል።

*ቫይታሚን ቢ12፦* ለነርቭ ሥርዓት አስፈላጊ ሲሆን በተፈጥሮ የሚገኘው እንደ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት ባሉ የእንስሳት ውጤቶች ነው። ለረጅም ጊዜ እነዚህን የማይመገቡ ሴቶች የእጥረት ስጋት አለባቸው።

ሁኔታው በኢትዮጵያ

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች መካከል 24 በመቶ የደም ማነስ ነበረባቸው፤ 22 በመቶው ደግሞ ከቁመታቸው አንጻር ክብደታቸው ዝቅተኛ ነበር። ይህም ብዙ ሴቶች ወደ እርግዝና የሚገቡት ሰውነታቸው በቂ ክምችት ሳይኖረው መሆኑን ያሳያል። በአፍላ ወጣትነት የሚፈጠር እርግዝና እንዲሁም በአጭር ጊዜ ልዩነት የሚደጋገም ወሊድ ችግሩን ያባብሱታል። በሌላ በኩል ከመጠን ያለፈ ውፍረትና ቁጥጥር ያልተደረገበት የስኳር በሽታም ለእናትም ለፅንስም ስጋት በመሆናቸው ከእርግዝና በፊት ክትትል ይሻሉ።

ከመፀነስ በፊት ምን ማድረግ ይገባል?

1. አስቀድሞ የጤና ባለሙያ ማማከር። ክብደትና ቁመት ይለካል፤ የደም ማነስ፣ የደም ግፊትና የስኳር ምርመራም እንደ አስፈላጊነቱ ይደረጋል።

2. ፎሊክ አሲድ መጀመር። በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከመፀነስ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ተጀምሮ እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት እንዲወሰድ ይመከራል። ከዚህ በፊት የነርቭ ቱቦ ክፍተት ያለበት ልጅ የወለደች ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ከፍ ያለ መጠን ሊያስፈልጋት ስለሚችል ሐኪም ማማከር አለባት።

3. በሐኪም የታዘዘን መድኃኒት በራስ ውሳኔ አለማቋረጥ። ለሚጥል በሽታ፣ ለአእምሮ ሕመም ወይም ለሌላ ሥር የሰደደ ሕመም የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶች ከእርግዝና በፊት መቀየር ሊኖርባቸው ይችላል። ውሳኔው ግን የሐኪም ነው።

4. አዮዲን ያለው ጨው መጠቀም። አሞሌና አዮዲን ያልተጨመረበት ጨው በቂ አዮዲን አይሰጡም። ጨውን በሚከደን ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ ማስቀመጥ፤ ወጥ ላይም ከእሳት ሊወርድ ሲል መጨመር አዮዲኑ እንዳይባክን ይረዳል። መጠኑን መጨመር ግን አያስፈልግም።

5. የምግብ ዓይነቶችን ማሰባጠር። እንጀራን ከምስር ወይም ከሽሮ፣ ከጎመንና ከተገኘው የእንስሳት ውጤት ጋር መመገብ፤ ፍራፍሬም መጨመር። ቡናና ሻይ የአይረንን ወደ ሰውነት መግባት ስለሚቀንሱ ከምግብ ጋር ሳይሆን ከአንድ ሰዓት በኋላ መጠጣት ይመረጣል።

6. በጾም ወራት መመካከር። የምትጾም ሴት ለማርገዝ ካሰበች ከጤና ባለሙያ ጋር ስለ ቢ12 እና ስለ አይረን፣ ከሃይማኖት አባቷም ጋር ስለ ጾሙ አስቀድማ ብትነጋገር መልካም ነው።

7. ከአልኮል፣ ከጫትና ከሲጋራ መራቅ። ከመፀነስ በፊት ማቆም ይመከራል።

8. ወሊድን ማራራቅ። ከወሊድ በኋላ እንደገና ለማርገዝ ቢያንስ 24 ወራት መቆየት የእናት ሰውነት ክምችቱን እንዲተካ ጊዜ ይሰጣል።

አገልግሎቱ የት ይገኛል?

የመጀመሪያ ምክር በቀበሌው ጤና ኬላ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ማግኘት ይቻላል። ምርመራና ሕክምና በጤና ጣቢያ፣ ከፍ ያለ ክትትል የሚሹ ደግሞ በሆስፒታል ይስተናገዳሉ። የቤተሰብ ዕቅድና የቅድመ ወሊድ ክትትል አገልግሎቶች በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለክፍያ ይሰጣሉ። ለቤተሰብ ዕቅድ ወይም ልጅ ለማስከተብ የመጣች እናት ወደፊት ለማርገዝ እንደምታስብ ለባለሙያው ብትገልጽ በዚያው ምክር ማግኘት ትችላለች።

ሳይታቀድ የተፀነሰ እርግዝና ሲኖር

ብዙ እርግዝናዎች ያለ ዝግጅት ይፈጠራሉ። በዚህ ጊዜ መጨነቅ ሳይሆን ፈጥኖ ክትትል መጀመር ይገባል። የልጅ አንጎል በእርግዝናው ወራት ሁሉና ከተወለደ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት በፍጥነት ያድጋል። በመሆኑም በወቅቱ የሚወሰድ የአይረንና የፎሊክ አሲድ እንክብል፣ በእርግዝና ወቅት የሚጨመር ምግብ፣ እስከ ስድስት ወር የሚሰጥ የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያም የተመጣጠነ ተጨማሪ ምግብና ፍቅር የተሞላበት እንክብካቤ እያንዳንዳቸው ዋጋ አላቸው።

ይህ ሁሉ ለእናት ብቻ የሚተው ኃላፊነት አይደለም። በብዙ ቤት እናት የምትበላው ሌላው ከበላ በኋላ የተረፈውን ነው። ባል፣ አማትና ሌሎች የቤተሰብ አባላት ለማርገዝ ያሰበች ሴት አብራ፣ በቂና የተመጣጠነ ምግብ እንድትመገብ፣ የሥራ ጫናዋ እንዲቀንስና ወደ ጤና ተቋም እንድትሄድ ሊያግዟት ይገባል።