የማዳበሪያ ፓምፕ ከመግዛትዎ በፊት ውኃዎን ይለኩ

በሞሻቭ ሐማማ ውስጥ ሥራ የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ቀን ከሚሰማቸው ድምፆች አንዱ ከዋናው የውኃ ቧንቧ በኩል የሚመጣው «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚለው ነው። ድምፁ የሚወጣው ከአንድ የፕላስቲክ መሣሪያ ነው። ከመሣሪያው ሥር ቀጭን ቱቦ ወርዶ ፈሳሽ ማዳበሪያ ባለበት በርሜል ውስጥ ይጠልቃል። ይህ የማዳበሪያ ፓምፕ ነው፤ በዕብራይስጥ «ማሽኤቫት ደሼን» ይባላል። ሥራው ማዳበሪያውን በመጠኑ እየሳበ ከመስኖው ውኃ ጋር መቀላቀል ነው። ቁራሽ መሬት ይዘው ጎመንና በርበሬ የሚያለሙ ሽማግሌዎቻችንም ሆኑ ሐማማ ተከራይተው ለገበያ ለማምረት የሚያስቡ ቤተሰቦች ዞሮ ዞሮ ከዚህ ዕቃ ጋር መገናኘታቸው አይቀርም። የተሳሳተውን የገዛ ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ችግኙንም ሊያጣ ይችላል።

በአገር ቤት ማዳበሪያ ማለት ፍግ ነበር፤ ኋላም ዳፕና ዩሪያ መጣ። ገበሬው በእጁ ዘግኖ ይበትነዋል፣ ዝናቡ አሟሙቶ ወደ ሥር ያወርደዋል። እዚህ ግን በበጋው ወራት ዝናብ ጠብ አይልም። ውኃው የሚመጣው በጠብታ መስኖ ነው። ይህ ዘዴ ከመሐንዲሱ ሲምሐ ብላስ ሐሳብ ተነሥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በነጌቭ በሐጸሪም ቂቡጽ ኔታፊም የተባለው ድርጅት ከተቋቋመ በኋላ በሰፊው ተዳረሰ። ጠብታው የሚያረጥበው ከተክሉ ግርጌ ያለውን ትንሽ አፈር ብቻ ስለሆነ ሥሩም እዚያው ይሰበሰባል። በደረቁ አፈር ላይ የተበተነ ማዳበሪያ እዚያው ደርቆ ይቀራል። ስለዚህ ማዳበሪያው ከውኃው ጋር መምጣት አለበት። ሥሩ በጠባብ ቦታ ስለታመቀ ግን ስሕተትን አይችልም፤ ማዳበሪያው ሲበዛበት ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ ይቃጠላል።

ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ባለሱቁም መደርደሪያው ላይ ያለውን ያሳየዋል። ከዚያ በፊት ግን ሦስት ቁጥሮችን በወረቀት ጽፎ መሄድ ይበጃል። ቁጥር ኡልፓን አይፈልግም፤ ዕብራይስጥ ገና የሚያስቸግረው ሰውም ወረቀቱን ቢያሳይ ይግባባል።

የመጀመሪያው በሰዓት የሚያልፈው የውኃ መጠን ነው። መስኖውን እንደ ዘወትሩ ይክፈቱና የውኃ ቆጣሪውን፣ «ሻዖን ማይም» የሚሉትን፣ ያንብቡ። ስድስት ደቂቃ ቆይተው እንደገና ያንብቡ፤ ልዩነቱን በአሥር ያባዙ። በስድስት ደቂቃ 400 ሊትር ካለፈ በሰዓት 4,000 ሊትር ወይም 4 ኩብ ማለት ነው። ሁለተኛው የውኃው ግፊት ነው፤ ይህ የሚለካው ማኖሜትር በሚባለው ትንሽ ባለመርፌ ሰዓት ሲሆን፣ እዚህ አገር ሰዉ በ«አትሞስፌር» ይቆጥረዋል። መለካት ያለበትም ውኃው እየፈሰሰ ሳለ ነው፤ ቧንቧው ተዘግቶ የሚታየው ግፊት ሁልጊዜ ስለሚበልጥ ያታልላል። ሦስተኛው ለአንድ ኩብ ውኃ ስንት ሊትር ማዳበሪያ እንደሚገባ ነው፤ ይህን የእርሻ ባለሙያውን ይጠይቁ።

አንድ አባት አንድ ዱናም፣ ማለትም 1,000 ካሬ ሜትር፣ አላቸው እንበል። ቱቦዎቹ በየአንድ ሜትሩ ተዘርግተዋል፤ በየግማሽ ሜትሩ አንድ ጠብታ ማውጫ አለ። ይህ 2,000 ጠብታ ማውጫ ይሆናል። እያንዳንዱ በሰዓት 2 ሊትር ቢያወጣ ጠቅላላው 4 ኩብ ነው። በገበያ ካሉት አነስተኛ ፓምፖች ብዙዎቹ የሚችሉት በሰዓት እስከ 2.5 ኩብ ነው። «አንድ ዱናም ትንሽ ናት፣ ትንሹ ይበቃታል» ብለው ቢገዙ ፓምፑ ከአቅሙ በላይ ይሮጣል፤ «ጠቅ ጠቅ» የሚለው ድምፅ ይፈጥናል፣ ውስጡም ቶሎ ያልቃል። ታዲያ ትልቁን ለመግዛት ገንዘብ ካጠረ መሬቱን ለሁለት ከፍሎ በተራ ማጠጣት ይቻላል። ያን ጊዜ በአንድ ጊዜ የሚያልፈው 2 ኩብ ብቻ ስለሆነ ትንሹ ፓምፕ ይበቃል። የሚከፈለው ዋጋ አንድ ተጨማሪ ቧንቧ መዝጊያና ረዘም ያለ ጊዜ ነው።

የመቀላቀያው መጠንም መታየት አለበት። ለአንድ ኩብ 2 ሊትር ከተባለ 0.2 በመቶ ማለት ነው። ከ0.2 እስከ 2 በመቶ የሚል ፓምፕ ይህን ሊሰጥ የሚችለው በመጨረሻው ዝቅተኛ ልኩ ሲሆን፣ እዚያ ላይ ትንሽ ስሕተት ብዙ ታዛባለች። መፍትሔው ቀላል ነው። አንድ ሊትር ማዳበሪያ በአራት ሊትር ውኃ አቅጥነው ፓምፑን 1 በመቶ ላይ ቢያደርጉት ተክሉ የሚያገኘው ያንኑ መጠን ነው።

ዓይነቱን በተመለከተ፣ ከሁሉም የሚረክሰው የብረት ወይም የፕላስቲክ ጋን ነው፤ ውኃው በውስጡ እያለፈ ማዳበሪያውን አጥቦ ይወስዳል። መጀመሪያ ወፍራም፣ በመጨረሻ ቀጭን ሆኖ ስለሚወጣ ለፍራፍሬ ዛፍ እንጂ ለችግኝ አይመችም። ቬንቱሪ የሚባለው ደግሞ ወገቡ የቀጠነ ቱቦ ነው። የሚንቀሳቀስ ክፍል ስለሌለው አይሰበርም፤ ነገር ግን የግፊቱን ሲሶ ወይም ከዚያ በላይ ይበላል። በቧንቧዎ ያለው 2 አትሞስፌር ብቻ ከሆነ፣ ከማጣሪያው ጋር ተደምሮ ለመጨረሻዎቹ ረድፎች የሚተርፈው ያንሳል።

በውኃው ኃይል ራሱ የሚሠራው ፓምፕ ለአነስተኛ እርሻ ከሁሉ የሚስማማ ይመስለኛል። የፈረንሳዩ ዶሳትሮንና የናሕሾሊም ቂቡጹ ሚክስራይት ከዚህ ወገን ናቸው። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ውኃው ሲበዛ ይፈጥናል፣ ሲያንስ ይዘገያል፣ ሲቆም ይቆማል። የኤሌክትሪኩ ፓምፕ ብዙ ዓይነት ተክል ላለው ሰው ጥሩ ቢሆንም ከውኃ ቆጣሪው ጋር ተያይዞ መሥራት አለበት። ካልተያያዘ ውኃው ቢቋረጥም ማዳበሪያውን መግፋቱን ይቀጥላል፤ ውኃው ሲመለስ የተጠራቀመው ሁሉ በአንዴ ይወርድበታል።

አሲድ የሚጨምሩ ከሆነ የፓምፑ ጎማዎች አሲድ ይችሉ እንደሆነ ሳይጠይቁ አይግዙ። ካልሲየም ያለበትን ማዳበሪያና ፎስፎር ወይም ሰልፌት ያለበትን በአንድ በርሜል አይደባልቁ፤ እንደ ኖራ ረግቶ የጠብታውን ቀዳዳ ይደፍናል። አሲድ ሲያቀጥኑ አሲዱን በውኃ ላይ ያፍስሱ እንጂ ውኃውን በአሲድ ላይ አያፍስሱ፤ ጓንትና መነጽርም አይለይዎት።

አንድ ነገር ግን ከፓምፑ ምርጫ ይቀድማል። መስኖው ከመጠጥ ውኃው መስመር ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ የመንገዱ ቧንቧ ፈንድቶ ግፊቱ ሲወርድ ውኃው ወደ ኋላ ሊሳብ ይችላል፤ ያን ጊዜ ማዳበሪያው ልጆች በሚጠጡበት የወጥ ቤት ቧንቧ ሊመጣ ነው። ይህን የሚከለክለው መሣሪያ «ማዛሕ» ይባላል። ማዳበሪያ ከመጠጥ ውኃ መስመር ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንዲኖር የአገሩ ደንብ ያዝዛል። የሚገጥመውም በየዓመቱ የሚመረምረውም ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው። ይህን ወጪ ለመቆጠብ ተራ መመለሻ ከልካይ ብቻ ቢያስገቡ አይበቃም።

ፓምፑ ከተገጠመ በኋላ የቱቦውን ጫፍ ልክ በተጻፈበት የአንድ ሊትር ማሰሮ ውስጥ ይክተቱና ቆጣሪውን ይመልከቱ። 2 ሊትር ለኩብ ላይ የተስተካከለ ፓምፕ 100 ሊትር ውኃ ሲያልፍ ከማሰሮው 200 ሚሊ ሊትር መውሰድ አለበት። 150 ብቻ ከወሰደ ጎማው አልቋል፣ ወይም ቱቦው አየር ያስገባል። የዚህ አገር ውኃ ኖራው ብዙ ስለሆነ ይህን በየወሩ መደጋገም ያስፈልጋል፤ ማዳበሪያው ካለቀም በኋላ ውኃው ብቻውን አሥር ደቂቃ ያህል ይፍሰስ።