ሐዲስን መመዘን፦ ከዙህሪ እስከ አልባኒ

የሐዲስ ምዘና ዛሬ የሸይኽና የደረሳ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ መንግሥታትም ገብተውበታል። የሳዑዲው ንጉሥ ሰልማን በ2017 እ.ኤ.አ. የነቢዩን ሐዲስ የሚያጠና ተቋም በመዲና እንዲመሠረት አዘዙ። በ2021 ደግሞ አልጋ ወራሹ ሙሐመድ ቢን ሰልማን በቴሌቪዥን ቀርበው ሐዲሶችን ሙተዋቲርና ኣሓድ ብለው ከፋፈሉና ለሕግ መሠረት ሊሆን የሚገባው የትኛው እንደሆነ ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቃላት ከመድረሳ ውጭም የክርክር መነሻ ሆነዋል። ሙተዋቲር በየትውልዱ እጅግ ብዙ ሰዎች የተቀባበሉት ዘገባ ሲሆን፣ ኣሓድ ከዚያ ባነሱ ሰዎች በኩል የደረሰው ነው።

ክፍፍሉ ግን ከሐዲስ መርማሪዎች ይልቅ የኡሱሉል ፊቅህ (የሕግ መርሆች) ሊቃውንት መሣሪያ ነው። በደማስቆ ያስተምሩ የነበሩትና በ1245 ያረፉት ኢብኑ ሶላሕ፣ የሐዲስ ባለሙያዎች ሙተዋቲርን በዚህ ስሙ እንደማያነሱት፣ ምሳሌውም በጣም ጥቂት እንደሆነ ጽፈዋል። በሐዲስ ኪታቦች ውስጥ በእጅጉ የሚበዛው ኣሓድ ነው። የሊቃውንቱ ሙያ ያደገውም በዚሁ ላይ ነው፤ እምብርቱም አንዱን ዘገባ ከሌላው ጋር ማስተያየት ነው።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በ632 ካለፉ በኋላ ሶሓቦች የሰሙትንና ያዩትን ያስተላለፉት በአብዛኛው በቃል ነበር። የጻፉም ነበሩ። የአቡ ሁረይራ ተማሪ የሀማም ኢብኑ ሙነቢህ ሰሒፋ ወደ 138 ሐዲሶችን ይዞ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑ ዐብዱል ዐዚዝ (717–720) ዕውቀቱ ከዓሊሞቹ ጋር እንዳይቀበር ሰግተው ሐዲስ እንዲጻፍ ወደ መዲና ላኩ። በዚህ ሥራ ስማቸው ጎልቶ የሚነሳው በ742 ያረፉት ኢብኑ ሺሃብ አዝ-ዙህሪ ናቸው። የበስራው ኢብኑ ሲሪን እንደገለጹት፣ ቀድሞ ስለ ሰነድ፣ ማለትም ስለ አስተላላፊዎች ሰንሰለት፣ የሚጠይቅ አልነበረም፤ “ከማን ሰማህ?” የሚለው ጥያቄ የመጣው ሙስሊሞች በፊትና ከተከፋፈሉ በኋላ ነው።

ከዚያ የኪታቦቹ ዘመን ተከተለ። የመዲናው ኢማም ማሊክ (795 ያረፉ) ሙወጠእን በፊቅህ ርዕስ አዘጋጁ። የሰንዓው ዐብዱረዛቅና የኩፋው ኢብኑ አቢ ሸይባ ሙሰነፍ የሚባሉትን ትላልቅ ስብስቦች አቀናበሩ፤ በእነዚህ ውስጥ የሶሓቦችና የተከታዮቻቸው ፈትዋ ከነቢዩ ሐዲስ ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል። አሕመድ ኢብኑ ሐንበል (855 ያረፉ) በሙስነዳቸው የተከተሉት ሌላ መንገድ ነው። ሐዲሱን ያስተላለፈውን ሶሓባ መሠረት አድርገው፣ ድግግሞሹን ጨምሮ ከ27,000 በላይ ዘገባዎችን ደረደሩ።

የምዘናውን አሠራር ለማየት ከዚሁ ሙስነድ፣ ሐበሻን የሚመለከት አንድ ሰነድ ማንሳት ይበቃል። ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ በሐበሻው ንጉሥ በነጃሺ ፊት ቆመው ስለ እስልምና የተናገሩበትን ረጅም ዘገባ አሕመድ የሰሙት ከያዕቁብ ኢብኑ ኢብራሂም ነው። ያዕቁብ ከአባታቸው፣ አባታቸው ከኢብኑ ኢስሐቅ፣ ኢብኑ ኢስሐቅ ከዙህሪ፣ ዙህሪ ከአቡ በክር ኢብኑ ዐብዱረሕማን፣ እሳቸውም ከኡሙ ሰለማ ተቀብለዋል። ኡሙ ሰለማ ራሳቸው ወደ ሐበሻ የተሰደዱ ስለነበሩ የሰነዱ መነሻ በቦታው የነበረ ሰው ነው። መርማሪዎቹን የሚያቆማቸው ኢብኑ ኢስሐቅ ላይ ሲደርሱ ነው። ታላቁ የታሪክ ጸሐፊ በማሊክ ክፉኛ ተነቅፈዋል፤ የበስራው ሹዕባ ግን አወድሰዋቸዋል። የኋለኞቹ ብያኔ በሁለቱ መካከል አረፈ። እውነተኛ ናቸው፤ ነገር ግን ተድሊስ ይፈጽማሉ፤ ማለትም ወሬውን በቀጥታ ያቀበላቸውን ሰው ዘለው ከበላዩ ካለው እንደ ሰሙ በሚያስመስል ቃል ያስተላልፋሉ። ስለዚህ “ዐን” ማለትም “ከእገሌ” ሲሉ ዘገባቸው ይጠረጠራል፤ “ነገረኝ” ሲሉ ይያዛል። በነጃሺው ዘገባ ላይ ዙህሪ እንደነገሯቸው በግልጽ ተናግረዋል። ብዙ ሊቃውንት ሰነዱን ሐሰን (ከጽኑው ሶሒሕ ቀጥሎ የሚያዝ) ያሉት በዚህ ምክንያት ነው።

የአስተላላፊዎች ምርመራ፣ ጀርሕ ወተዕዲል፣ በየሕያ ኢብኑ ሰዒድ አል-ቀጣን፣ በየሕያ ኢብኑ መዒንና በዐሊ ኢብኑል መዲኒ ዘመን ሙሉ ሙያ ሆነ። ሰው ሁሉ ታማኝ ወይም ሐሰተኛ ተብሎ በሁለት አልተከፈለም። ሲቃ (ታማኝ)፣ ሶዱቅ (እውነተኛ)፣ ዶዒፍ (ደካማ)፣ መትሩክ (የተተወ) የሚሉ ደረጃዎች ወጡ፤ ዳኝነቱም በዕድሜና በሁኔታ ይለያይ ነበር። የግብፁ ቃዲ ኢብኑ ለሂዓ ለዚህ ጥሩ አብነት ናቸው። ኪታቦቻቸው እንደተቃጠሉና ከዚያ በኋላ ዘገባ ይምታታባቸው እንደነበር ይነገራል። በመሆኑም እንደ ኢብኑል ሙባረክና ኢብኑ ወህብ ያሉ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው የወሰዱት ከኋለኞቹ ይልቅ ተመራጭ ሆነ።

ከሁሉ የሚረቀው የዒለል ምርመራ ነው፤ ላይ ላዩን ደህና በሚመስል ሰነድ ውስጥ የተሸሸገ ስሕተት ማውጣት። እዚህ ላይ የሬይ ከተማ ሁለት ሊቃውንት፣ አቡ ዙርዓና አቡ ሓቲም፣ አቻ የላቸውም። የአቡ ሓቲም ልጅ የመዘገበው አንድ ገጠመኝ ሙያውን ከብዙ ገለጻ በላይ ያሳያል። ከአህለ ረእይ (ፊቅህን በአመክንዮ ከሚያወጡት) ወገን የሆነ አንድ አዋቂ ሰው ደብተር ይዞ አቡ ሓቲም ዘንድ ቀረበ። እሳቸውም ገጹን እያዩ “ይህ ስሕተት ነው፣ ይህኛው ሐዲስ ከሌላ ሐዲስ ጋር ተደባልቋል፣ ይህ ባጢል ነው፣ ቀሪው ሶሒሕ ነው” አሉት። ሰውየው ተገርሞ አስተላላፊው መሳሳቱን ነግሯቸው እንደሆነ፣ ወይስ የሩቁን ምስጢር እናውቃለን የሚሉ እንደሆነ ጠየቃቸው። ደብተሩን ሌላ ለሚያውቅ ሰው እንዲያሳይ መከሩት። እሱም ብያኔያቸውን በወረቀት ይዞ ወደ አቡ ዙርዓ ሄደ። ሲመለስ የሁለቱ ቃል አንድ ሆነ፤ አቡ ሓቲም “ባጢል” ያሉትን አቡ ዙርዓ “ውሸት” ከማለታቸው በቀር ልዩነት አልነበረም። አቡ ሓቲም ነገሩን ያስረዱት በዲናር ነው፦ ሐሰተኛውን ገንዘብ መርማሪው ሲያየው ያውቀዋል፤ ሲመታ ማን እንዳየው ቢጠየቅ ግን የሚጠራው ሰው የለውም። ዕውቀቱ ያለ ማስረጃ የመጣ ግምት አልነበረም። አንድ ሸይኽ ያስተላለፉትን ሁሉ ከብዙ ተማሪዎቻቸው ሰብስቦ ለዓመታት ያስተያየ ሰው ከሌሎቹ የተለየውን ቃል ወዲያው ይለያል።

በዚሁ ትውልድ የቡኻሪ (810–870) እና የኒሻፑሩ ሙስሊም (875 ያረፉ) ሁለቱ ሶሒሖች ተጻፉ። ቡኻሪ 600,000 ከሚደርሱ ዘገባዎች መርጠው፣ 16 ዓመት እንደ ፈጀባቸው የሚነገርለትን ኪታብ አዘጋጁ። ዘገባዎቹ ከነድግግሞሻቸው ከ7,000 ይበልጣሉ፤ ድግግሞሹ ሲወጣ በኢብኑ ሐጀር ቆጠራ ወደ 2,600 ይወርዳሉ። ቡኻሪ አንዱን ሐዲስ በየርዕሱ ከፋፍለው የፊቅህ ነጥብ ያወጡበታል፤ ሙስሊም ግን የአንዱን ሐዲስ መንገዶች ሁሉ አንድ ቦታ ደርድረው አንባቢው ራሱ እንዲያስተያይ ያደርጋሉ። ለምርመራ የሙስሊም አደራደር የተሻለ ነው።

ሁለቱን የሚያገናኘው ክርክር በ“ዐን” ላይ ነው። ሙስሊም በመቅድማቸው ስሙን ያልጠቀሱትን አንድ የዘመናቸውን ሰው በከባድ ቃል ይነቅፋሉ። ያ ሰው አስተላላፊው ከሸይኹ ጋር ቢያንስ አንድ ጊዜ መገናኘቱ ካልተረጋገጠ “ከእገሌ” ብሎ የተናገረው አይያዝም የሚል ነበር። ሙስሊም ሁለቱ በአንድ ዘመን ከኖሩ፣ መገናኘት ከቻሉና ተድሊስ ከሌለ ይበቃል ብለው ተከራከሩ፤ የቀደሙት ሊቃውንትም በዚህ ይስማሙ ነበር አሉ። የኋለኞቹ ብዙዎች ጥብቁን አቋም የቡኻሪና የመምህራቸው የዐሊ ኢብኑል መዲኒ አድርገው ያዙት። በዘመናችን ሓቲም አል-ዐውኒ ይህን ተቃውመው፣ ቡኻሪ እንዲህ ያለ መስፈርት አልነበራቸውም ብለዋል።

የቡኻሪና የሙስሊም ግላዊ ታሪክም ክርክሩን ያጎላዋል። የኒሻፑሩ ታላቅ ሸይኽ ሙሐመድ ኢብኑ የሕያ አዝ-ዙህሊ በቁርኣን ንባብ አገላለጽ ጉዳይ በቡኻሪ ላይ ሲነሱ ሙስሊም ከቡኻሪ ጎን ቆሙ፤ ከዙህሊ የጻፉትንም ሁሉ በተሸካሚ መለሱላቸው። ሆኖም በሶሒሓቸው ውስጥ ከሁለቱም አልዘገቡም። ቡኻሪ ግን በደል ካደረሱባቸው ከዙህሊ መዘገባቸውን አልተዉም፤ ስማቸውን “ሙሐመድ” ብለው ብቻ ወይም ወደ አያቶቻቸው አስጠግተው ይጠሩታል። ይህ የሙያውን ክብር በግልጽ ያሳያል፤ ጠብ ታማኝን አስተላላፊ ከሰነድ አያወጣም።

ሁለቱ ኪታቦች ከትችት በላይ ሆነው አልተቀመጡም። የባግዳዱ ዳረቁጥኒ (995 ያረፉ) በውስጣቸው ካሉት ዘገባዎች 200 ያህሉ ላይ ጥያቄ አንስተዋል፤ በአመዛኙም ጉዳዩ የሰነድ ልዩነት ነበር። አራቱ ሱነኖች፣ የአቡ ዳዉድ፣ የቲርሚዚ፣ የነሳኢና የኢብኑ ማጃህ፣ ደካማ ዘገባንም ይይዛሉ፤ ቲርሚዚ ብያኔያቸውን ከየሐዲሱ ሥር መጻፋቸው ይለያቸዋል። የኢብኑ ማጃህ ከስድስቱ መቆጠር ዘግይቶ የመጣ ነው። ሺዓዎች በኢማሞቻቸው በኩል የመጣ የራሳቸው ስብስብ አላቸው፤ ቀዳሚው በ941 ያረፉት የኩለይኒ አል-ካፊ ነው።

ውሸት የፈጠሩትም በስም ተይዘዋል። ጊያስ ኢብኑ ኢብራሂም እርግብ ከሚወደው ኸሊፋ መህዲ ፊት ቀርቦ፣ ውድድር በቀስት፣ በግመልና በፈረስ ብቻ መፈቀዱን በሚናገረው ሐዲስ ላይ “ወይም በክንፍ” ብሎ ጨመረ። መህዲ ሸልሞ ከሸኘው በኋላ ውሸታም መሆኑን መሰከረ፤ እርግቦቹንም አሳረደ። በአንጻሩ ዘሀቢ (1348 ያረፉ) ከሴቶች መካከል በመዋሸት የተከሰሰች እንደማያውቁ ጽፈዋል። በመካ የኖሩት ከሪማ አል-መርወዚያ የቡኻሪን ሶሒሕ ያስተምሩ ነበር፤ የባግዳዱ ኸጢብም እሳቸው ዘንድ አንብበውታል።

ኢብኑ ሶላሕ ሙያውን በአንድ መማሪያ ሲያጠቃልሉ፣ በኋለኛ ዘመን ያለ ሰው በሰነዱ ብቻ ተመርኩዞ አዲስ ሐዲስ ሶሒሕ ማለት እንደሌለበት አሳሰቡ። ነወዊ (1277 ያረፉ) ችሎታው ላለው ሰው ይፈቀዳል ብለው ተቃወሙ። ሚዚ፣ ዘሀቢና ኢብኑ ሐጀር (1449 ያረፉ) ባዘጋጇቸው የአስተላላፊዎች መዝገቦች የነወዊን መንገድ አጠናከሩ። በአውሮፓ ደግሞ የእስልምና ጥናት ምሁራን ጎልድዚኸር በ1890፣ ሻኽትም በ1950 አብዛኛው ሐዲስ የኋለኛ ዘመን ክርክር ውጤት ነው አሉ። ሞትስኪ በ1991 የዐብዱረዛቅን ሙሰነፍ መርምረው ጠንካራ መልስ ሰጡ። በሙሰነፉ ውስጥ ኢብኑ ጁረይጅ ከመምህራቸው ከዐጣእ ሲያስተላልፉ መልሱ አንዳንዴ “አላውቅም” መሆኑንና ጥርጣሬያቸውን ሳይቀር ይመዘግባሉ፤ ውሸት የሚፈጥር ሰው እንዲህ አያደርግም።

በእስልምናው ዓለም ግን የጦፈው ክርክር በደማስቆ ሰዓት ይጠግኑ የነበሩት አልባኒ (1914–1999) ያስነሱት ነው። የሙስሊምን አንዳንድ ሐዲሶች ደካማ አሉ፤ ከእነዚህም አቡ ዙበይር አል-መኪ ከሶሓባው ከጃቢር “ዐን” ብለው ያስተላለፏቸው ይገኙበታል። የግብፁ ማሕሙድ ሰዒድ መምዱሕ መጽሐፍ ጽፈው ተቃወሟቸው። የጉዳዩ ሥር ግን የቆየ ነው። የግብፁ ለይስ ኢብኑ ሰዕድ (791 ያረፉ) ከአቡ ዙበይር ሁለት ኪታብ ከተቀበሉ በኋላ ሁሉንም ከጃቢር ሰምተው እንደሆነ ጠየቋቸው። ከፊሉን ሰምተው ከፊሉን ሌላ ሰው እንደነገራቸው መለሱ። ለይስም የሰሙት የትኛው እንደሆነ ምልክት እንዲያደርጉላቸው ለመኑ፤ ይዘው የሄዱትም ምልክት የተደረገበትን ብቻ ነው። ዘሀቢ በሚዛን ኪታባቸው፣ አቡ ዙበይር መስማታቸውን ያልገለጹባቸውና በለይስ በኩልም ያልመጡ ሐዲሶች በሙስሊም ሶሒሕ ውስጥ እንዳሉ፣ ልባቸውም በእነዚያ ሙሉ በሙሉ እንዳላረፈ ከአልባኒ ስድስት መቶ ዓመት ቀድመው ጽፈዋል።