ሠራተኛ አዲስ ሐሳብ እንዲያመጣ የሚያደፋፍረው ምንድን ነው?

የአንድ ንግድ ቤት ሀብት በመጋዘኑ ባለው ዕቃና በባንክ ባለው ገንዘብ ብቻ የሚለካ አይደለም። ደንበኛ ምን ፈልጎ አጥቶ እንደ ተመለሰ አስቀድሞ የሚያውቀው ሻጩ ነው፤ የትኛው ከረጢት በጉዞ እንደሚቀደድ የሚያውቀውም ተሸካሚው ነው። ይህ ዕውቀት ወደ ባለቤቱ ጆሮ ካልደረሰ እንደ ሌለ ይቈጠራል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ለጠብና ለሐሜት ጊዜ ይስማማል፤ በንግድ ቤት ግን ዝምታ ከእህል ይልቅ ፈጥኖ ይነቅዛል።

እንግዲህ ሠራተኛውን የሚያናግረው ምን እንደ ሆነ ከሌሎች አገሮች ልምድ መመልከት ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

መጀመሪያው ነገር መሰማት ነው። በአሜሪካ የፎቶግራፍ ዕቃ ሠሪው የኮዳክ ኩባንያ በ1898 ሠራተኞቹ ሐሳባቸውን እንዲያቀርቡ ደንብ አወጣ። አንድ ሠራተኛ የሥራው ክፍል ብርሃን እንዲያገኝ መስኮቶቹ ይታጠቡ ብሎ በማመልከቱ 2 ዶላር ተሸለመ። ገንዘቡ ጥቂት ቢሆንም የዝቅተኛ ሠራተኛ ቃል ዋጋ እንዳለው ያስረዳል። የጃፓኑ ቶዮታም ሹማምንቱ በ1950 የፎርድን ፋብሪካ ከጐበኙ በኋላ፣ በ1951 እንዲህ ያለውን ደንብ አቋቁሞ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ሁለተኛው፣ በቅን ልቡና ለተደረገ ስሕተት ትዕግሥት ማሳየት ነው። ሪቻርድ ድሩ የተባለ የስሪ ኤም ኩባንያ ሠራተኛ የብርጭቆ ወረቀት ናሙና ይዞ ወደ መኪና ቀቢዎች በሄደ ጊዜ፣ ሁለት ቀለም ለመለየት የሚለጥፉት ወረቀት ሲነሣ ቀለሙን እየላጠ እንደሚያስቸግራቸው ተመለከተ። መፍትሔ ሊፈልግ ቢነሣ አለቃው ዊልያም ማክናይት ወደ መደበኛ ሥራህ ተመለስ አለው። ሰውየው ግን ሙከራውን አልተወም፤ ማክናይትም ይህን እያወቀ ዝም አለው። በ1925 ቀለም ሳይልጥ የሚነሣው ተለጣፊ ወረቀት ተገኘ፤ ለኩባንያውም አዲስ የንግድ መስመር ከፈተ። ማክናይት በ1948 ለሹማምንቱ ባስተላለፈው መመሪያ፣ ስሕተትን በብርቱ የሚነቅፍ አለቃ የሠራተኛውን ተነሣሽነት እንደሚገድል አስገንዝቧል።

ሦስተኛው፣ ሥራን በጋራ መመርመር ነው። በጃፓን ትምህርት ቤቶች መምህራን አንድ ትምህርት በኅብረት ያዘጋጃሉ፤ አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ ይመለከታሉ፤ በመጨረሻም ስለ ትምህርቱ ይወያያሉ። የሚመረመረው ትምህርቱ እንጂ ሰውየው ስላልሆነ አዲስ ነገር መሞከር አያሳፍርም።

ይህን ሁሉ ለመፈጸም ትልቅ ፋብሪካ አያስፈልግም። ባለሱቁ በሳምንት አንድ ጊዜ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ደንበኞች ምን እንዳጡ ቢጠይቅ፣ ለቀረበው ሐሳብ ሳይዘገይ መልስ ቢሰጥ፣ የማይቀበለውንም ምክንያቱን ቢገልጥ፣ የተቀበለውን ደግሞ ባለቤቱን በጓደኞቹ ፊት በስሙ ቢያመሰግን ይበቃል። የአስተያየት ሣጥን ሰቅሎ ሳይከፍቱ መተው ግን ጭራሽ ካለመስቀል የከፋ ነው።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ። ሥራን የሚያቃልል ዘዴ ያመጣ ሠራተኛ በዚያው ዘዴ ምክንያት እንጀራውን ቢያጣ፣ በዚያ ቤት ሁለተኛ ሐሳብ የሚያመጣ ሰው አይገኝም።