ስለ ዓይን መፍጠጥና ስለምታብጠው የዕንባ ዕጢ

በቤት ውስጥ ያለች እናት ወይም እኅት ዓይኗ ከቀን ወደ ቀን እየፈጠጠ ሲሄድ፥ ቤተ ሰቡ አስቀድሞ የሚያስበው «ተቈጥታለች» ብሎ ነው። ጎረቤት ይሸሻታል፤ ልጆቿም ምን አጠፋን ብለው ይጨነቃሉ። እርሷ ግን በማንም አልተቈጣችም። የዓይኗ ቆብ ወደ ላይ ተሰብስቦ፥ ከዓይኗ ኋላ ያለውም ሥጋ አብጦ፥ ዓይኗን ወደ ፊት ገፍቶባት ነው። የሰውን ጠባይ በዓይኑ አይቶ መፍረድ የቈየ ልማድ ነው፤ በዚህ በሽታ ግን እንዲህ ያለው ፍርድ በደል ይሆናል።

ሮበርት ግሬቭስ የተባሉ የደብሊን ከተማ ሐኪም ልባቸው እየመታ አንገታቸው ስላበጠ ሴቶች በ1835 ዓ.ም. ጻፉ (እዚህ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው)። በ1840 ደግሞ ካርል ፎን ባዜዶ በጀርመን አገር በሜርዘቡርግ ከተማ ሆነው፥ የአንገት እብጠት፥ የልብ ትርታና የዓይን መፍጠጥ አብረው የሚመጡ መሆናቸውን ገለጡ። ስለዚህ እንግሊዞች በሽታውን በግሬቭስ፥ ጀርመኖችም በባዜዶ ስም ይጠሩታል።

በአገራችን እንቅርት የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የደጋው እንቅርት ብዙውን ጊዜ ከአዮዲን ማነስ የሚመጣ ነው። የግሬቭስ በሽታ ከዚህ የተለየ ነው። ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቀው ኀይል ተሳስቶ፥ ታይሮይድ የተባለውን የአንገት ዕጢ እንደ ባዕድ ቈጥሮ ይነካዋል፤ ያው ስሕተት ከዓይን ኋላ ወዳለው ሥጋና ስብ ሲደርስ፥ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆናል።

የዕንባ ዕጢም ከዚህ መከራ አትድንም። ይህች ዕጢ ከቅንድብ አጥንት ሥር፥ በውጭው ማዕዘን ተሸሽጋ የምትኖር፥ የለውዝ ፍሬ የመሰለች፥ ርዝመቷም 2 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነች ናት። በሽተኛው ዓይኑ ዕንባ ሲያፈስ ይታያል፤ ሐኪሙ ግን «ዓይንህ ደርቋል» ሲለው ይደነቃል። ምክንያቱም የዓይኑ ቆብ አልገጥም ስለሚል፥ አንዳንዱም ዓይኑን ሳይከድን ስለሚተኛ፥ ዕንባው ቶሎ ይደርቃል፤ ዓይኑም ሲቈጠቍጠው እንደገና ብዙ ውሃ ያፈልቃል። ዕጢዋም ራሷ ስትቈጣ የዕንባው ጠባይ ይለወጣል።

ታዲያ በአጥንት ሥር የተሸሸገችውን እንዴት ይለኳታል? ሮንትገን በ1895 ያገኙት ራጅ አጥንትን እንጂ እንዲህ ያለውን ለስላሳ ሥጋ ለይቶ አያሳይም። ጎድፍሪ ሀውንስፊልድ የሠሩት ሲቲ ስካን የተባለው መሣሪያ ግን በጥቅምት 1 ቀን 1971 በለንደን በዊምብልደን የመጀመሪያውን በሽተኛ ራስ አነሣ። እኚህ ሰው በ1979 ከአለን ኮርማክ ጋራ የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። መሣሪያው ራስን እንደ ቀጭን የዳቦ ቍራጭ ከፋፍሎ ያሳያል። ኤም አር አይ የሚባለው ደግሞ ያለ ራጅ፥ በማግኔት ኀይል የሚሠራ ነው፤ በሥጋው ውስጥ ያለውን ውሃ ስለሚገልጥም፥ ገና የሚቈጣውን እብጠት ከቈየው ጠባሳ ለመለየት ይረዳል።

ሐኪሙ በሥዕሉ ላይ የዕጢዋን ርዝመትና ስፋት በሚሊ ሜትር ይለካል፤ የየቍራጩን ስፋት ከውፍረቱ ጋራ አባዝቶ ቢደምርም መጠኗን ሁሉ ያገኛል። በዚህ በሽታ የተያዙ ሰዎች ዕጢ በአማካይ ከጤነኞች ይበልጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ከአጥንቱ ጥግ ወጥታ ወደ ፊት ትገፋለች። ነገር ግን ዕጢዋ በዕድሜ ብዛት ስለምታንስ፥ ሽማግሌውን ከወጣት ጋራ ማስተያየት አይገባም። ደግሞም እርሷን የሚያሳብጡ ሌሎች በሽታዎች አሉ። ሥዕሉ መልካም ምስክር ነው፤ የደም ምርመራና የሐኪም ዓይን ሳይጨመርበት ግን በቂ አይደለም።

ከሁሉ የሚያስፈራው ዓይንን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች በኋላ በኩል አብጠው የማየትን ነርቭ የጨቈኑ እንደ ሆነ ነው። ቀይ ጨርቅ የደበዘዘ መስሎ የታየው ሰው፥ ወይም እይታው የቀነሰ፥ ነገ ሳይል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ሲጋራ የሚያጨስ ቢሆን ይተወው፤ ትምባሆ ይህን የዓይን በሽታ እንደሚያብስ የተረጋገጠ ነው። ወደ ሐኪም ቤትም ሲሄዱ ከጥቂት ዓመት በፊት የተነሡትን ፎቶግራፍ መያዝ ይጠቅማል። ቤተ ሰብ በየቀኑ ስለሚያይ ለውጡን አያስተውለውም፤ ሐኪሙ ግን የሠርጉን ፎቶግራፍ ከዛሬው ፊት ጋራ አስተያይቶ በሽታው መቼ እንደ ጀመረ ይገምታል።

ቍጣው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ቈይቶ ይበርዳል። እስከዚያው ዓይንን የሚያርስ ጠብታና ቍጣውን የሚያበርድ መድኃኒት ይሰጣል፤ በ2020 የአሜሪካ መንግሥት ለዚሁ በሽታ ቴፕሮቱሙማብ የተባለውን መድኃኒት ፈቅዷል። የፈጠጠውን ዓይን ወደ ስፍራው የሚመልሰው ቀዶ ጥገና ግን አብዛኛውን ጊዜ በሽታው እስኪረጋ ይቈያል፤ ነርቩ የተጨነቀበት በሽተኛ ይህን ጊዜ አይጠብቅም።