ለቀያሽነት ፈተና የሚያዘጋጅ የክለሳ ትምህርት ሲመረጥ

በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ወረዳ ገበያዎች የሚሠራ ነጋዴ ጤፍ ሲገዛ ከጆንያው እፍኝ ዘግኖ፣ በመዳፉ አሽቶ፣ ወደ ብርሃን አውጥቶ ሳያይ ዋጋ አይቈርጥም። ቆርቆሮ የሚያስመጣውም ውፍረቱን ሳያረጋግጥ ውል አይፈርምም። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ግን ልጁ ወይም የወንድሙ ልጅ ለቀያሽነት ፈተና የሚያዘጋጅ የክለሳ ትምህርት ሊገባ ነው በተባለ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በግድግዳ የተለጠፈ ማስታወቂያ አንብቦ ወይም ጎረቤት የነገረውን ሰምቶ ብቻ ገንዘቡን ቈጥሮ ይሰጣል። ትምህርትም እንደ ማናቸውም ሸቀጥ ናሙና ያለው መሆኑን የሚያስብ ጥቂት ነው።

የቀያሽ ሥራ ለዚህ አገር ነጋዴ እንግዳ አይደለም። ወልድያ ከደሴ፣ ከመቀሌና ከወረታ የሚመጡ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ስትሆን፣ በ1960ዎቹ ዓመታት በቻይናውያን ርዳታ የተጀመረው የወረታ መንገድ ያን ሁሉ ዳገትና ገደል አልፎ ሊዘረጋ የቻለው አስቀድሞ ችካል የተከሉ ቀያሾች ስለ ነበሩ ነው። ግንባታው በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ወልድያ ሐራ ገበያ የሚመጣው የባቡር ሐዲድም እንደዚሁ የብዙ ቀያሾችን ጉልበት ጠይቋል። በቆቦና በጊራና ሸለቆ የመስኖ ቦይ ሲቀደድ፣ ውኃው ወደሚፈለግበት ማሳ እንዲወርድ የሚያደርገው በሌቭል መሣሪያ የተነበበው ከፍታ ነው። ከአንድ ሺህ ሜትር ላይ አንድ ሜትር ብቻ እንዲወርድ ለተወጠነ ቦይ፣ የአንድ ስንዝር ስሕተት ውኃውን ለማስቆም ይበቃል። የመርሳ ፍራፍሬ ነጋዴ ሥራው ከዚህ ልኬት ጋር የተያያዘ መሆኑን ባያስበውም ነገሩ እውነት ነው።

ከሁሉም ይልቅ ነጋዴውን የሚነካው የይዞታው ወሰን ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 የከተማ ይዞታ ወሰኑ ተለክቶና ተረጋግጦ፣ ቁራሽ መሬቱም የራሱ መለያ ቁጥር ተሰጥቶት እንዲመዘገብ ደንግጓል። አንድ ባለሱቅ 20 ሜትር በ25 ሜትር የሆነ ቦታ ቢኖረውና በረጅሙ ጎን በኩል ወሰኑ 10 ሳንቲሜትር ብቻ ቢገፋ፣ ሁለት ካሬ ሜትር ተኩል መሬት ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ይህም ከአንዲት ትንሽ ሱቅ ወለል ብዙ አያንስም። ወልድያ ደግሞ ተዳፋት የበዛባት ከተማ ናት። በ10 ዲግሪ ተዳፋት ላይ መሬት ለመሬት በሜትር ገመድ የተለካ 100 ሜትር፣ በካርታ ላይ የሚሰፍረው አግድም ርቀቱ 98 ሜትር ከ48 ሳንቲሜትር ነው። ይህን ልዩነት የማያውቅ ቀያሽ ካርታውን ያበላሻል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ ጎረቤታሞች ለዓመታት በፍርድ ቤት ደጅ ይመላለሳሉ። ስለዚህ ፈተናው ጥብቅ መሆኑ ለነጋዴው ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም።

ክለሳውን ለመምረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ተማሪው የሚቀመጥበት ፈተና የትኛው ነው የሚለው ነው። ነገሩ ቀላል ቢመስልም አብዛኛው ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። በዩኒቨርሲቲ በቅየሳ ምሕንድስና ወይም በተቀራራቢ ትምህርት የሚመረቅ ተማሪ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጠውን የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ይህ ፈተና በኮምፒዩተር የሚሰጥና ምርጫ ያላቸው ጥያቄዎች የሚቀርቡበት ሲሆን፣ ማለፊያው ከመቶ 50 ነው። በመጀመሪያው ዙር፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም.፣ በሁሉም የትምህርት ዓይነት ከተፈተኑት መካከል ያለፉት ከመቶ 40 ጥቂት ከፍ የሚሉ ብቻ ነበሩ። በቴክኒክና ሙያ በኩል የመጣው ተማሪ ግን የሚጠብቀው በተለምዶ «ሲ.ኦ.ሲ» የሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና ነው። በዚህ ምዘና የጽሑፍ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን፣ መዛኙ ፊት ቆሞ መሣሪያ ተክሎ፣ አንብቦና መዝግቦ ማሳየት ይጠየቃል። ሦስተኛው፣ ሥራውን በራሱ ስም ለመሥራት የሚሻ ባለሙያ የሚያስፈልገው የሙያ ምዝገባና ፈቃድ ነው፤ የዚህንም መስፈርት ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ዘንድ ቀርቦ በጽሑፍ መቀበል እንጂ ከአስተማሪ አፍ ሰምቶ ማመን አይገባም።

ለሦስቱ ሁሉ «አንድ ትምህርት ይበቃል» የሚል ማስታወቂያ ለሁሉም እግር አንድ ቁጥር ጫማ እንደሚሸጥ ሱቅ ነው። ለመውጫ ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ የፈተናውን የይዘት ዝርዝር፣ ለብቃት ምዘና የሚዘጋጅም የሙያ ደረጃውን ሰነድ ይዞ ይሂድና ከክለሳው ፕሮግራም ጋር አርእስት በአርእስት ያመሳክር። በዝርዝሩ ላይ ያለው አርእስት በክለሳው ፕሮግራም ላይ ከሌለ፣ አስተማሪው ምንም ያህል አንደበተ ርቱዕ ቢሆን ዕቃው ጎዶሎ ነው።

ከውጭ አገር ተቀድተው በስልክና በፍላሽ የሚዞሩት ትምህርቶችም እንዲሁ መመርመር አለባቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተዘጋጁት በአሜሪካ ለሚሰጠው የቀያሾች የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና ነው። ያ ፈተና 110 ጥያቄዎች ያሉት፣ ከነመግቢያውና ከነዕረፍቱ ስድስት ሰዓት የሚፈጅ፣ ተፈታኙም የቀመር መጽሐፍ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚቀርብለት ነው። በአሜሪካ ለሚኖሩና በዚያ ፈቃድ ለሚሹ ኢትዮጵያውያን ትምህርቱ ተገቢ ሊሆን ይችላል። የማዕዘንና የከፍታ ሒሳቡም የትም አገር አንድ ስለሆነ ለመርሳ ተማሪም በከፊል ይረዳል። ነገር ግን ርቀቱ በጫማ፣ ስፋቱ በኤከር፣ የወሰን ሕጉም የአሜሪካ ነው። የኢትዮጵያ ካርታ የኖረው አዲንዳን በሚባለው መነሻ ላይ ሲሆን፣ ወልድያም የምትገኘው በ37ኛው የዩ.ቲ.ኤም. ዞን ውስጥ ነው። በአዲንዳን የተመዘገበን ነጥብ በጂ.ፒ.ኤስ. ከሚገኘው ቁጥር ጋር ሳያስማሙ የሚያደባልቅ ሰው በካርታ ላይ ከ200 ሜትር በላይ ይስታል። በወልድያ ከተማ 200 ሜትር ማለት ሌላ ሠፈር ማለት ነው። የክለሳ አስተማሪውን ስለዚህ ነገር አንድ ጥያቄ መጠየቅ ዕውቀቱን ለመመዘን ጥሩ ዘዴ ነው፤ ጥያቄውን የሚያቀርበው ራሱ ተማሪው ቢሆን ይሻላል።

የመሣሪያው ጉዳይ ከሁሉ የበለጠ መመርመር ያለበት ነው። ማስታወቂያዎቹ «ዘመናዊ ቶታል ስቴሽን አለን» ይላሉ። መሣሪያ መኖሩ ግን ብቻውን ምንም አያመለክትም፤ መጠየቅ ያለበት ለአንድ ተማሪ ስንት ሰዓት ይደርሰዋል ተብሎ ነው። ሒሳቡ የባለሱቅ ሒሳብ ነው። አንድ መሣሪያ፣ 24 ተማሪዎችና 12 የተግባር ሰዓቶች ካሉ፣ እያንዳንዱ ተማሪ በመሣሪያው ላይ የሚቆየው ግማሽ ሰዓት ነው። ተማሪዎቹ ስድስት ቢሆኑ ግን ሁለት ሰዓት ይደርሰዋል። ባለሦስት እግሩን መቆሚያ በችካሉ አናት ላይ አስተካክሎ መትከልና የውኃ ልኩን አረፋ መሐል ማድረግ ከልማድ የሚገኝ የእጅ ሥራ ስለሆነ፣ ጀማሪውን ሩብ ሰዓት ሲያደክመው የሠለጠነው በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል። በምዘና ቀን ላቡን እየጠረገ ከትሪፖዱ እግር ጋር ሲታገል የሚታየው ተማሪ ቀመሩን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ መሣሪያውን ሌሎች ሲነኩ ቆሞ ሲመለከት ስለ ሰነበተ ነው። እንግዲህ በዋጋ ርካሽ የሆነው ክለሳ በመሣሪያ ሰዓት ሲሰላ ከውዱ የበለጠ ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

በዚህ አካባቢ ይህ ጥያቄ የበለጠ ይጠብቃል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በነበረው ጦርነት የወልድያ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ብዙ የትምህርት ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ንብረታቸውም ወድሟል። በእነዚያ ዓመታት የተማረ ወጣት መሣሪያን በሥዕል እንጂ በእጁ ብዙ ሳያውቅ ተመርቆ ቢሆን ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። እንዲህ ላለው ተማሪ የሚያስፈልገው ክለሳ ሳይሆን ያልተማረውን እንደ አዲስ መማር ስለሆነ፣ የሁለት ሳምንት ሩጫ ገንዘብ ከማስወጣት በቀር የሚፈይደው የለም። ከመክፈል በፊት አንድ የሙከራ ፈተና ሰጥቶ የተማሪውን ጉድለት የሚለይ አስተማሪ ከተገኘ፣ እርሱ ከሌሎቹ በአንድ እርምጃ የቀደመ ነው።

የሙከራ ፈተናውም ነጥብ ብቻ ከተሞላበት ጥቅሙ ግማሽ ነው። አንድ ተማሪ 45 ዲግሪ ከ30 ደቂቃን በመደመሪያ መኪናው ላይ 45.30 ብሎ ቢያስገባ፣ መልሱ መሆን የሚገባው 45.5 ስለ ነበረ በ12 ደቂቃ ተሳስቷል፤ ይህም በ100 ሜትር ርቀት ላይ 35 ሳንቲሜትር ያህል ያስታል። ሌላው ተማሪ ደግሞ ቀመሩን አያውቅም እንበል። ሁለቱም ያገኙት ዜሮ ነው፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። ጥሩ አስተማሪ የእርማት ወረቀቱ ላይ ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ ይጽፋል። ባለሒሳብ የሆነ አባት ይህን ለመመርመር ቅየሳ ማወቅ አያስፈልገውም። በሌቭል መዝገብ ላይ ከኋላ ንባቦች ድምር ላይ የፊት ንባቦች ድምር ሲቀነስ የሚገኘው ቁጥር፣ ከመጨረሻው ከፍታ ላይ የመጀመሪያው ሲቀነስ ከሚገኘው ጋር እኩል መሆን አለበት። ይህም ገቢና ወጪን እንደ ማመዛዘን ነው። የልጁን ደብተር ገልጦ ይህ ማመሳከሪያ በየገጹ ግርጌ መሠራቱን ማየት ለአባትየው የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

በበይነ መረብ የሚሰጥ ትምህርት ዋጋው ቀለል ማለቱና ከመርሳ ሳይነሡ መከታተል መቻሉ የታወቀ ነው። ሆኖም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደ ነበረ የሚረሳ የለም። ስለዚህ ትምህርቱ በማስቀመጫ ተቀድቶ የሚሰጥ፣ ጽሑፉም በወረቀት የታተመ ቢሆን ይመረጣል። በአካል ወደ ወልድያ ለመመላለስ የሚያስብ የመርሳ ተማሪ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ያንኑ ይመለሳል፤ መንገዱ ሲዘጋም ይቀራል። የመጓጓዣውን ወጪ ከትምህርቱ ዋጋ ጋር ደምሮ፣ ጽሑፉን በቤቱ አጥንቶ ለመሣሪያው ልምምድ ብቻ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን መሄድ የተሻለ መሆን አለመሆኑን ማስላት ያሻል። ከመርሳ አምስት ስድስት ተማሪዎች ተባብረው አስተማሪውን ከነመሣሪያው ወደ መርሳ ቢያስመጡት አንዳንድ ጊዜ ወጪው ይቀንሳል።

«የሚመጣውን ጥያቄ እናውቃለን» ወይም «ሁሉም ያልፋል» የሚል ሰው ሲመጣ ግን ብዙ መመርመር አያስፈልግም። የመጀመሪያው ወይ ዋሾ ነው ወይ ወንጀለኛ ነው፤ በሁለቱም መንገድ የሚጠፋው የተማሪው ዕድል ነው። ሁለተኛው ቀድሞ ያስተማራቸው ስንት እንደ ሆኑና ከእነርሱ ስንቱ እንዳለፉ ይጠየቅ። ያለፉትን ብቻ ቈጥሮ የወደቁትን የማይናገር ከሆነ፣ ገቢውን ብቻ እያሳየ ዕዳውን ከሚሸሽግ ሻጭ አይለይም። ካለፉት ከሁለት ከሦስቱ ጋር ተማሪው ራሱ ይነጋገር፤ ከተቻለም ከወደቀ ከአንዱ ጋር፣ ምክንያቱም የክለሳውን ጉድለት አጥርቶ የሚናገረው እርሱ ነው።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ሙሉውን ገንዘብ በመጀመሪያው ቀን መስጠት ልማድ መሆን የለበትም። ሲሶው በመግቢያ፣ ሲሶው ከመጀመሪያው የሙከራ ፈተና በኋላ፣ ቀሪው የመሣሪያ ልምምዱ ሲያልቅ ቢከፈል ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ነው። በደረሰኙ ላይ «የትምህርት ክፍያ» ተብሎ ብቻ ከሚጻፍ፣ የፈተናው ዓይነትና ደረጃው፣ የትምህርቱ ሰዓት፣ የመሣሪያ ልምምዱ ሰዓት ለብቻው፣ በአንድ መሣሪያ ላይ የሚመደቡት ተማሪዎች ብዛት፣ ታርመው የሚመለሱት የሙከራ ፈተናዎች ቁጥር፣ እንዲሁም በመንገድ መዘጋት ወይም በሌላ ምክንያት ያልተሰጠ ሰዓት የሚካካስበት ወይም ገንዘቡ የሚመለስበት ሁኔታ በዝርዝር ይጻፍ። አስተማሪው ሊፈርምበት ፈቃደኛ ካልሆነ፣ ገንዘቡን መልሶ ኪስ አስገብቶ ሌላ አስተማሪ መፈለግ ነው።