ከጥለት የሚሰፋ ባንዲራ

ጥር ሲገባ የባሕር ዳር መንገዶች አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ይለብሳሉ። ከምሰሶ ምሰሶ በተወጠረ ገመድ ላይ የሚርገበገቡት ትንንሽ ባንዲራዎች ለጥምቀት የተሰቀሉ ናቸው፤ አብዛኞቹ ላስቲክ ስለሆኑ ፀሐይና ንፋስ ቶሎ ይቦጫጭቃቸዋል። ይኸው ጌጥ ወደ ቤት ገብቶ ከአሮጌ የሐበሻ ልብስ ሲሰፋ ግን ዕድሜውም መልኩም ይለወጣል። ዓባይ ማዶ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ላለ ሰው ሥራው ከባድ አይደለም። የሚያስፈልገው አንድ ያረጀ ነጠላ ወይም ቀሚስ፣ መቀስ፣ መርፌና ክር ነው፤ የስፌት መኪና ከተገኘማ እሰየው።

ነጠላ ሲያረጅ ቀድሞ የሚሳሳው መሐሉ ነው። ጥለቱ በቀለም ክር ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚሸመን ሸማው አልቆ እሱ ደህና ሆኖ ይገኛል። ብዙ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለው ልብስ ሻንጣ ውስጥ ተጣጥፎ ይኖራል፣ አለዚያም መወልወያ ይሆናል። መወልወያ ሲሆን ማየት ያናድደኛል፤ ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አስገብቶ፣ ክር በክር እየቆጠረ ያወጣው ጥለት ለወለል አልነበረም። የጎደለውን ደግሞ በረንዳ ላይ የሚሰፉ ልብስ ሰፊዎች ይሞላሉ። ከመኪናቸው ሥር የሚከማቸው ብጣሽ ብዙ ጊዜ ትራስ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይቀራል፤ ጠጋ ብሎ የጠየቀ ሰው እፍኝ ሙሉ አያጣም።

ፈረንጆች ይህን ጌጥ ከመርከብ ነው ያገኙት። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የምልክት ባንዲራዎቹን ስስ ከሆነ የሱፍ ጨርቅ ያሰፋ ነበር፤ ቆይቶ ልማዱ ወደ መንደር በዓልና ወደ ሳሎን ወረደ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1945 በአውሮፓ ጦርነቱ ሲያበቃ እንግሊዝ ውስጥ ልብስ ገና በኩፖን ይሸጥ ነበር። የሆነ ሆኖ መንግሥት ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ የባንዲራ ጨርቅ እስከ ወሩ መጨረሻ ያለ ኩፖን እንዲገዛ ፈቀደ። ካልሲ በኩፖን፣ የደስታ ጨርቅ በነፃ ፈቃድ!

የእነሱ አሠራር ግን እንዳለ ለኛ አይሆንም። እነሱ የሚቆርጡት በፋብሪካ ጠብቆ የተሸመነ፣ ሥዕል የታተመበት ጥጥ ነው። የኛ ሸማ ልል ነው፤ መቀስ በነካው ቅጽበት ክሩ መመዘዝ ይጀምራል። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት መስፋት ይሻላል። ከካርቶን ሦስት ማዕዘን ይቆረጥና ሸማው ላይ ተቀምጦ በእርሳስ ይዞርበታል፤ ከዚያ መስመሩን ተከትሎ አንድ ዙር በመኪና ወይም በእጅ ይሰፋል፤ መቀስ የሚገባው ከስፌቱ ውጭ ነው። ለስፌት የሚተወው ትርፍም ለፋብሪካ ጨርቅ ከሚበቃው ከፍ ብሎ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ቢሆን ጥሩ ነው።

ሌላው ነገር ገበር ነው። ሸማ ብቻውን ይልፈሰፈሳል። አቡጀዲ ወይም ያረጀ አንሶላ ከኋላው ሲገባ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። እዚህ ላይ ከተማዋ ራሷ አቅራቢ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1961 በጣሊያን የጦር ካሳ ገንዘብ ከዓባይ ወንዝ አጠገብ የተተከለው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለስንት ቤት አንሶላ አልብሷል። የእጅ ሽመናው ከፊት፣ የፋብሪካው ከኋላ ሆነው ሲሰፉ ሁለቱም የከተማዋ ሙያዎች አንድ ባንዲራ ላይ ይገናኛሉ።

የሸማውና የገበሩ ፊትና ፊት ተገጥሞ ሁለቱ ረጃጅም ጎኖች ይሰፋሉ፤ የላዩ ክፍት ይቀራል። ጫፉ ላይ ያለው ትርፍ ይከረከማል፣ ይገለበጣል፣ በዱልዱም እንጨት ሹሉ ይገፋል፣ በካውያ ይተኮሳል። ጀማሪ የሚሳሳተው ጥለቱን ሹሉ ላይ በማድረግ ነው። ወፍራም ስለሆነ አይገለበጥም፤ እንደ አውራ ጣት ዱልዱም ሆኖ ይቀራል። ጥለቱ ከላይ፣ ገመዱ ሥር አግድም ቢሆን ያምራል፣ ጨርቁንም ይወጥረዋል። ቀሚሱ ላይ መስቀል ከተጠለፈ እሱን መሐል ለመሐል መቁረጥ አይገባም፤ ሙሉውን የሚይዝ ሰፊ ባንዲራ ይዘጋጅለት። የእናት ልብስ ከሆነማ መቀሱን ከማንሳት በፊት «እማዬ፣ ይቺን ልቁረጣት?» ማለት ይቅደም። እንቢ ካሉ እንቢ ነው።

ገመዱ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጨርቅ ለሁለት ታጥፎ ነው የሚሠራው። ብዙዎች በሰያፍ ይቆርጡታል፤ እኔ በድሩ አቅጣጫ እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም በሰያፍ የተቆረጠ እያደር ይለጠጥና መሐሉ ይረግባል። ሦስት ሜትር ለሆነ ገመድ ስፋታቸው 20 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 11 ባንዲራዎች በ4 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይበቃሉ፤ በግራና በቀኝ ለማሰሪያ 20፣ 20 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል።

የቀለሙ ነገር ግን ከሁሉ በፊት መታየት አለበት። አንዳንድ ቀይ ጥለት ይለቃል። ነጭ ጨርቅ አርጥቦ ጥለቱ ላይ ጫን ማድረግ ነው፤ ነጩ ከቀላ ያ ቁራጭ ለብቻው ይታጠብ፣ ካልተወው ከነጩ ጋር አይሰፋ። ሲሰቀልም ቡና ከሚፈላበት ቦታ በላይ አይሁን፤ የከሰሉና የዕጣኑ ጢስ ነጩን ሸማ ቶሎ ያጠይመዋል። ከረከቦቱ ትይዩ ያለው ግድግዳ ይሻላል፤ ቡና ጠጪዎቹም ፊት ለፊት ያዩታል።