በአሮጌ አምቡላንስ ውስጥ የሚሰማው የመንገድ ድምፅና መቀነሻው

በከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የምትላክ እናት የደም ግፊቷ በጉዞ ላይም መለካት አለበት። ይሁን እንጂ ዕድሜው በገፋ አምቡላንስ ውስጥ በማዳመጫ የሚሰማው የደም ሥር ድምፅ በጎማና በሞተር ጩኸት ይዋጣል። የእጅ አንጓን ምት በመዳሰስ የላይኛውን ግፊት መገመት ይቻላል፤ 110 መድረስ አለመድረሱ መታወቅ ያለበት የታችኛው ግፊት ግን በዚህ ዘዴ አይገኝም። መኪናውን አቁሞ መለካት ትክክለኛ ነው፤ በየጥቂት ደቂቃው መቆም ግን ራሱን የቻለ መዘግየት ነው።

ድምፅ ወደ ውስጥ የሚገባው በክፍተቶች በኩል በአየር፣ እንዲሁም በቆርቆሮው ንዝረት አማካይነት ነው። አቧራ የሚያስገባ ክፍተት ድምፅም ያስገባል። በመሆኑም በቅድሚያ መታየት ያለበት የበሮቹ ላስቲክ ነው። በሩ ወረቀት ይዞ እንዲዘጋ ተደርጎ ወረቀቱ ያለ ችግር ከተሳበ ላስቲኩ አልቋል። በተለይ የኋላው በር ሊዘነጋ አይገባም፤ በዚያ በኩል የጭስ ማውጫው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ በሽተኛው ሊደርስ ይችላልና።

ለጭቃ መንገድ የተሠራ ትልልቅ ጥርስ ያለው ጎማ በአስፋልት ላይ ይጮኻል፤ ያለ እኩል የተበላ ጎማም እንዲሁ። ከፍጥነት ጋር እየጨመረ የሚሄድ ጉርምርምታ ግን የኩሽኔታ ማለቅ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ድምፁን ከመሸፈን በፊት መካኒክ ሊያየው ይገባል። የኦክስጅን ሲሊንደሩንና ቃሬዛውን አጥብቆ ማሰር ወጪ አይጠይቅም።

የቆርቆሮውን ንዝረት ለመግታት ከውስጥ በኩል ሬንጅነት ያለው ከባድ ንጣፍ ይለጠፋል፤ መላውን ቆርቆሮ መሸፈን አያስፈልግም፣ የሰፊዎቹ ገጽታዎች መካከል ይበቃል። በወለሉ ላይ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ይነጠፋል። በቤተሰብ መኪና የተለመዱት ስፖንጅና የጨርቅ ምንጣፍ ግን ለአምቡላንስ አይሆኑም። የወለሉን ዝቅተኛ ጉርምርምታ እምብዛም አያስቀሩም፤ ደምና ፈሳሽ መጥጠው ስለሚይዙ በክሎሪን ሊጸዱ አይችሉም፤ እርጥበታቸውም ቆርቆሮውን ያዝጋል።

ጉዳዩ የአሽከርካሪውና የአጃቢ ባለሙያው ጆሮም ነው። ለ8 ሰዓት ሥራ በስፋት የሚጠቀሰው ወሰን 85 ዴሲቤል ሲሆን፣ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ91 ዴሲቤል 2 ሰዓት ብቻ ይሆናል። የሞቱ የውስጥ ጆሮ ፀጉራማ ሕዋሳት አይተኩም። ስለሆነም ሳይረኑ ከአሽከርካሪው ራስ በላይ ባለው ጣሪያ ላይ ከሚተከል ይልቅ ከፊት በኩል ዝቅ ብሎ ቢተከል፣ በሚጮኽበትም ጊዜ መስኮቶቹ ቢዘጉ ይመረጣል።